ምዕራፍ አምስት፦ በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. የወላይታ ዞን ነዋሪዎች ለሕዝበ ውሳኔ ተሰለፉ። ጥያቄው በቀድሞው ደቡብ ክልል ውስጥ የነበሩ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በአንድነት አዲስ ክልል ይመሥርቱ ወይስ ባሉበት ይቆዩ የሚል ነበር። ድምፁ በተሰጠ በሦስተኛው ቀን፣ የካቲት 2፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ መከፈት አቆሙ። መነሻው ከወላይታ ጋር አይገናኝም፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ውስጥ መከፋፈል ተፈጥሮ ሰልፍ የተጠራበት ሰሞን ነበር። መዘዙ ግን ለወላይታም ተረፈ።

እገዳው አምስት ወር ያህል ቆየ። ምርጫ ቦርድ የወላይታ ዞንን ውጤት የሰረዘው፣ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲመርጥ የወሰነው፣ ሰኔ 12 ቀንም ድጋሚ ድምፅ ያሰጠው እገዳው ሳይነሣ ነው። ቦርዱም ሌሎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም መግለጫዎቻቸውን በፌስቡክ ገጾቻቸው ማውጣታቸውን አላቋረጡም። አንድ የሶዶ ነዋሪ የሰጠው ድምፅ ለምን እንደተሰረዘ ከሰረዘው አካል ቃል ማንበብ ቢፈልግ ወይ ቪፒኤን መጫን፣ ወይ የቦርዱን ድረ ገጽ አስሶ ማግኘት ነበረበት። ሁለቱም ያልሆነለት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የመረጡለትን ያህል ሰማ፤ የቀረውን ከጎረቤቱ ጠየቀ።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ስለ ኢንተርኔትና ስለ መንግሥት ግልጽነት ስናወራ አዘውትረን የምናደባልቃቸውን ሁለት ነገሮች ፍንትው አድርጎ ስለሚለይ ነው። አንደኛው መንግሥት ያደረገውን ለሕዝብ መንገሩ ነው። ሁለተኛው ሕዝቡ የተነገረውን ከሰነድ ጋር ማመሳከር መቻሉ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ የመጀመሪያውን እጅግ አፍጥኖታል። ሁለተኛውን ግን በራሱ አላመጣልንም። እንዲያውም በየቀኑ የሚነገረን ብዙ ስለሆነ፣ የሚታየን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ እንዳናስተውል አድርጎናል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ምርጫ ጣቢያው እንመለስ። በኢትዮጵያ የምርጫ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው በተሰጠበት ጣቢያ ነው። አስፈጻሚዎቹና ታዛቢዎቹ ይፈርማሉ፤ ከዚያ ውጤቱ ሰው ሊያየው በሚችልበት ቦታ ይለጠፋል። ሲሰበሰብና ሲደመር አዲስ አበባ የሚደርሰው ቁጥር ከዚህ ወረቀት የተነሣ ነው። በሁምቦ ወይም በቦሎሶ ሶሬ አንድ ቀበሌ የሚኖር ሰው ኢንተርኔት ኖረውም አልኖረውም በሩ ላይ ያለውን ቁጥር በደብተሩ ገልብጦ፣ በኋላ ቦርዱ ይፋ ካደረገው ጋር ማስተያየት ይችላል። ፌስቡክ ሲዘጋ ይህ ወረቀት አልተዘጋም።

ወረቀቱ ብቻውን ደግሞ በቂ እንዳልሆነ ያስተማረችን ራሷ ወላይታ ናት። ቦርዱ ውጤቱን የሰረዘው በመራጮች ምዝገባና በድምፅ አሰጣጡ ላይ ከባድ ጥሰት አግኝቻለሁ በማለት ነው። ሳጥን ውስጥ የገባው ወረቀት በትክክል ቢቆጠር እንኳ ማን አስገባው የሚለውን በር ላይ የተለጠፈው ቁጥር አይመልስም። ያንን የሚመልሰው ሌላ ሰነድ ነው፤ የመራጮች መዝገብ። ሕጉ መዝገቡም ለሕዝብ እይታ ክፍት እንዲሆን፣ ያላግባብ የተመዘገበ ሰው ካለ ነዋሪው አቤት እንዲል ይፈቅዳል። አንድ ቀበሌ ውስጥ ማን እንደሞተ፣ ማን ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ እንደሄደ፣ የማን ልጅ ገና አሥራ ስምንት እንዳልሞላው ከጎረቤት የበለጠ የሚያውቅ የለም። ያ ዕውቀት ከመዝገቡ ጋር ካልተገናኘ ሜዳ ላይ ይቀራል። ግልጽነት በሰንሰለት የተያያዘ ሥራ ነው የምለው ለዚህ ነው። አንዷ ቀለበት ከተሸፈነች የሌሎቹ መታየት ብዙም አይጠቅምም።

ከኢንተርኔት በፊት የነበረው ሁኔታ ይሻል እንደነበር የሚያስብ ካለ በ1992 ዓ.ም. ሶዶ የሆነውን ያስታውስ። ያኔ ወላይታ የሰሜን ኦሞ ዞን አካል ነበረች። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የተባለ የትምህርት ቋንቋ ተዘጋጀና መማሪያ መጻሕፍት ታትመው መጡ። ሕዝቡ ውሳኔውን የተረዳው መጻሕፍቱ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ነው ማለት ይቻላል። ረቂቁ ለውይይት የተለጠፈበት ሰሌዳ፣ ተቃውሞ የሚቀበል ጠረጴዛ አልነበረም። በኅዳር ወር መምህራንና ተማሪዎች ተቃወሙ፤ ሰዎች ታሰሩ፤ ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተነሡ፣ ብዙም ሳይቆይ ወላይታ የራሷን ዞን አገኘች። አንድ ሰነድ አስቀድሞ ቢታይ ኖሮ በቃል ሊያልቅ ይችል የነበረ ክርክር በደም አለቀ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ስልክ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ገባ፤ ነገሩ ግን በአንድ በኩል አልተለወጠም። የወላይታ ዞን ምክር ቤት በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ወላይታ ራሷን የቻለች ክልል እንድትሆን ወስኖ ጥያቄውን ለደቡብ ክልል ምክር ቤት አቀረበ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 እንዲህ ያለ ጥያቄ የደረሰው ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲያደራጅ ያዛል። ዓመቱ በታኅሣሥ 2012 ሞላ። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ቀኑ ይቆጠር፣ ይጻፍ፣ ይከራከሩበት ነበር። ጥያቄው በየትኛው ቢሮ፣ በማን እጅ፣ ለምን እንደቆመ የሚገልጽ በፊርማና በማህተም የተደገፈ ምላሽ ግን ሕዝቡ እጅ አልገባም። ነሐሴ 3 ቀን 2012 የዞኑ አመራሮች፣ የአገር ሽማግሌዎችና የፖለቲካ ሰዎች በስብሰባ ላይ ሳሉ ታሰሩ። ተቃውሞ ተነሣ፤ በሶዶና በአካባቢዋ ሰዎች በጥይት ተገደሉ።

ይህ የሆነው አገር አቀፍ የኢንተርኔት መቋረጥ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደሉን ተከትሎ፣ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ ብቸኛው የቴሌኮም አቅራቢ የመንግሥቱ ኢትዮ ቴሌኮም ስለነበር ለመዝጋት አንድ ትእዛዝ ይበቃ ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። ሆኖም በየካቲት የመጣው የማኅበራዊ ሚዲያ እገዳ የኩባንያ ቁጥር መጨመር ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን አሳየ። መንግሥት ራሱ በፈለገ ጊዜ የሚዘጋው መድረክ የመንግሥት ሰነድ ማስቀመጫ መሆን አይችልም። ይህን የምለው ፌስቡክ መጥፎ ነው በሚል አይደለም። ሰነዱ ሌላ ቤት ያስፈልገዋል ማለቴ ነው።

ሕጉ ያንን ቤት ሠርቶልናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግና የማግኘት መብትን ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መብቱን ወደ አሠራር ያወርደዋል። የመገናኛ ብዙኃን ክፍሉ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተተክቷል፤ መረጃ የማግኘት ክፍሉ ግን ዛሬም ይሠራል። ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ ለምን እንደፈለገው የማስረዳት ግዴታ የለበትም። መጻፍ የማይችል በቃሉ ይጠይቃል፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይጽፍለታል። መሥሪያ ቤቱ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ከከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል፤ አመልካቹም ወደ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

በሥራ ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። በዞንና በወረዳ ደረጃ ያለው የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ቀኑን የሚያሳልፈው ሥራ አስፈጻሚውን ተከትሎ ፎቶ በማንሣትና ዜና በመጻፍ ነው። በብዙዎቹ ገጾች ላይ ስብሰባው፣ ጉብኝቱ፣ የተከሉት ችግኝ፣ ከመድረክ የተነገረው ይወጣል። ስብሰባው ያጸደቀው ሰነድ አይወጣም። ባለሙያውን አልወቅስም፤ የሥራው መመዘኛ ምን ያህል ዜና ሠራህ እንጂ ምን ያህል ጥያቄ መለስህ አይደለም። በአዋጁ መሠረት መረጃ የመስጠት ኃላፊነት ያለበት ሰው የአለቃው አፍ ሆኖ ሲሠራ ከውጭ ለሚመጣ ጠያቂ ጊዜም ድፍረትም አይተርፈውም።

የሚገርመው፣ ኢንተርኔት በወረዳ ባልነበረበት ዘመን ቁጥር የሚያሳይ አሠራር ተጀምሮ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ድጋፍ የተዘረጋው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት የሚባል ክፍል ነበረው። ወረዳዎች የዓመቱን በጀት ተራ ሰው በሚገባው ቅጽ፣ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለመንገድ ይህን ያህል እያሉ በጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ ተደረገ። ብዙ ሰው ቆሞ ያነብባል ብዬ አላጋንንም። ሰሌዳው ግን የማስተያያ ነጥብ ነበር፤ በጀቱ ስንት እንደሆነ ያወቀ ሰው ምን ተሠራበት ብሎ መጠየቅ ይችላል።

የዚህ ሰሌዳ ዋጋ በግልጽ የታየው በ2015 መጨረሻና በ2016 ዓ.ም. ነው። በወላይታ ዞንና በአጎራባች አካባቢዎች የመምህራንና የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ይዘገይ፣ ይቆራረጥ፣ ለወራት ይቀር ጀመር። በበርካታ ወረዳዎች መምህራን ማስተማር አቆሙ፤ ትምህርት ቤቶች ባዶ ዋሉ። ዜናውን ወደ አደባባይ ያወጡት ራሳቸው ደመወዝተኞቹ ናቸው፤ በስልካቸው ጻፉ፣ ለዶይቼ ቬለና ለአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍሎች ተናገሩ። ማኅበራዊ ሚዲያ በወላይታ ያደረገውን ታላቅ ሥራ ጥቀስ ብባል ይህን እጠቅሳለሁ። ደሞዙ ያልደረሰው መምህር ብቻውን አለመሆኑን አወቀ፤ የገሱባው ከቦዲቲው ጋር ተነጋገረ፤ ችግሩ የአንድ ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ስንፍና እንዳልሆነ ታየ።

ለምን ሆነ ለሚለው ግን የተሰጠው መልስ በቃል ብቻ የተሰጠ ነበር፤ የበጀት እጥረት፣ የማዳበሪያ ዕዳ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አሠራሩን ማወቅ ይረዳል። ወረዳ የሚተዳደረው ከክልል በቀመር በሚሰጠው ጥቅል በጀትና ራሱ በሚሰበስበው ገቢ ነው። ከመደበኛ በጀቱ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደመወዝ ነው። ሐምሌ ላይ በጀት ሲጸድቅ የሚሰበሰበው ገቢ ከአቅም በላይ ተገምቶ ከተጻፈ ወረቀቱ ላይ ሚዛኑ ይጠበቃል፤ ገቢው ሳይመጣ ሲቀር ግን ጉድለቱ የሚያርፈው ደመወዝ ላይ ነው። ማዳበሪያው ደግሞ በሌላ መንገድ ይመጣል። ገበሬው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል በዱቤ ይወስዳል፤ ለባንኩ ብድር ዋስ የሚሆነው ክልሉ ነው። ዱቤው በወቅቱ ካልተመለሰ ገንዘቡ ከክልሉ በጀት ይቆረጣል፤ ክልሉም ከወረዳዎቹ ይቀንሳል። እንዲህ ሆኖ የገበሬው ዕዳ መጨረሻው የመምህሩ ደሞዝ ላይ ያርፋል።

ይህ ሁሉ ተሰልቶ በሐምሌ የሚታወቅ፣ በየወሩም የሚከታተሉት ነገር ነው። በየወሩ ከክልል የገባው፣ በወረዳው የተሰበሰበው፣ ለዕዳ የተቆረጠውና ለደመወዝ የወጣው በአንድ ገጽ ተጽፎ ቢለጠፍ፣ መምህሩ በጥቅምት የሚመጣውን ችግር በነሐሴ ያየው ነበር። ዞኑም በሐሜት ፋንታ በቁጥር ላይ ይከራከር ነበር።

ይህ ምኞት እንዳልሆነ ኡጋንዳ ታሳያለች። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በተደረገ የወጪ ክትትል ጥናት፣ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በነፍስ ወከፍ ከሚልከው ገንዘብ ውስጥ ትምህርት ቤት የደረሰው በአማካይ 13 በመቶው ብቻ መሆኑ ተገኘ። ቀሪው መንገድ ላይ በአውራጃ ባለሥልጣናት እጅ ቀረ። መንግሥት ወደ እያንዳንዱ አውራጃ በየወሩ የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማሳተም ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በራቸው ላይ እንዲለጥፉ ታዘዙ። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የሚደርሰው ድርሻ ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ለለውጡ ሌሎች ማሻሻያዎችም አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ተከራካሪዎች ያስረዳሉ፤ ትክክል ናቸው። ሆኖም ላኪው የላከውን፣ ተቀባዩ የተቀበለውን በአደባባይ ሲጽፉ በመካከል የሚጠፋው ገንዘብ መደበቂያ ማጣቱን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ያን ጊዜ ፌስቡክ ገና አልተፈጠረም ነበር።

እኛ ዘንድ ሰነዱ በር ላይ ስለማይለጠፍ በሌላ መንገድ ይወጣል፤ ደብዳቤው በስልክ ፎቶ ይነሣና ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። የኢትዮጵያ የቢሮ ሥራ በደብዳቤ ይሄዳል። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ፊርማ፣ ክብ ማህተም፣ ከግርጌውም ግልባጭ የተደረገላቸው መሥሪያ ቤቶች ዝርዝር። ግልባጩ ወደ አምስት ቢሮ ከሄደ ቢያንስ አምስት መዝገብ ቤት ሠራተኛ አይቶታል ማለት ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ፎቶ ካነሣው ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ያነብበዋል። ስለ ዝውውር፣ ስለ ሹመት፣ ስለ መሬት፣ ስለ ደመወዝ ቅነሳ ሕዝቡ የሚያውቀው አብዛኛው እውነተኛ ነገር እንዲህ የወጣ ይመስለኛል። ያወጣው ሰው እንጀራውን አደጋ ላይ ጥሏል፤ መብቱ በአዋጅ የተጻፈ መረጃ በድብቅ እንዲወጣ መገደዱ ያሳዝነኛል።

አደጋውም እዚሁ ነው። ሰው ማህተም ያለበትን ደብዳቤ ማመን ስለለመደ ሐሰተኛውም በዚያው መልክ ይመጣል። ከአሮጌ ደብዳቤ ላይ ማህተም ቆርጦ አዲስ ጽሑፍ ላይ መለጠፍ በስልክ የደቂቃዎች ሥራ ነው። መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡት ምላሽ ደብዳቤውን መልሶ መለጠፍና «ሐሰት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ማሳረፍ ነው። ታዲያ አንባቢው ፊት ሁለት ልጥፍ አለ፤ የትኛውን ይመን? እውነተኛዎቹ ደብዳቤዎች በቁጥራቸው ተፈልገው የሚገኙበት ክፍት መዝገብ ቢኖር ሐሰተኛውን ማጋለጥ የማንም ሰው ሥራ በሆነ ነበር። መዝገቡ በተዘጋ ቁጥር የሐሰቱ አመንጪ ይበረታል። ጥንቃቄ ለሚያደርግ አንባቢ የምመክረው ቀላል ነው፤ የደብዳቤውን ቀንና ቁጥር እይ፣ ግልባጭ ተደረገላቸው የተባሉትን ቢሮዎች እይ፣ ከእነሱ አንዱን ጠይቅ፤ እስኪመልሱልህ አታስተላልፍ።

መንግሥት ያለ ማመንታት ቁጥር ሲያወጣ ምን እንደሚመስልም አይተናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔው በወለደው አዲስ ክልል፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንሸራትቶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤቶች ሊያወጡ ሲረባረቡ ተራራው ዳግመኛ ተናደባቸው፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ነበሩ። በእጅና በአካፋ ጭቃ የሚዝቁትን ሰዎች ፎቶ ዓለም ያየው ከጎፋ ዞን የመንግሥት ኮሙኒኬሽን መምሪያ የፌስቡክ ገጽ ነው። የሟቾቹ ቁጥርም ከዚያ ከዞኑ ወጣ፤ በመጀመሪያ 55፣ ቀጥሎ 146፣ በማግሥቱ ማምሻ 229፣ ከነዚህ 148 ወንዶችና 81 ሴቶች። ከቀናት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ የአካባቢውን ባለሥልጣናት ጠቅሶ 257 አለ። ሐምሌ 29 ደግሞ በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ሌላ ናዳ ከአሥር በላይ ሰዎችን ቀጠፈ።

በእነዚያ ቀናት አንድ የዞን መምሪያ ከሩቅ ቢሮ ፈቃድ ሳይጠብቅ የሚያውቀውን ወዲያው ተናገረ። ቁጥሩ ሲለወጥ ለወጠው፤ ማንም ዋሸ አላለውም፤ ምክንያቱም በየሰዓቱ ምን እንደተገኘ ሁሉም ያይ ነበር። እርዳታ የመጣው፣ አገሪቱ ሐዘን የተቀመጠችው በዚያ ምክንያት ነው። ያ ገጽ፣ ያ ካሜራ፣ ያ ባለሙያ ስለ ደመወዝና ስለ በጀትም እንዲሁ መናገር የሚችል ነው። ችሎታ አላነሰም። ናዳው የማንም ባለሥልጣን ጥፋት አልነበረምና ለመናገር አላስፈራም፤ የጎደለ በጀት ግን ተጠያቂ ሰው አለው።

ሌላም የሚጠቀስ ነገር በጥር 2015 ታይቷል። ሕዝበ ውሳኔው በተካሄደበት በዚያው ወር የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጣ፤ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዜናው መራራ ነበር። የመጣበት መንገድ ግን ጥሩ ነበር፤ ተማሪው ቁጥሩን በድረ ገጽ፣ በአጭር መልእክት ወይም በቴሌግራም አስገብቶ የራሱን ውጤት ያለ አማላጅ አየ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ መሆናቸውን አገሩ ሁሉ አወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት ጥራት የሚደረገው ክርክር መሬት የያዘ ሆነ።

ስለ ቋንቋ ሳልናገር አላልፍም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የወላይታ ዞን ሕዝብ 1,501,112 ነበር፤ ዛሬ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ልጆች በወላይትኛ ይማራሉ፤ የአዲሱ ክልል የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። በጀቱ፣ ደብዳቤው፣ መግለጫው በአማርኛ ይጻፋል። በደጉና ፋንጎ ያለች አንዲት እናት በጀቱ በር ላይ ቢለጠፍላት እንኳ በማይገባት ቋንቋ ከሆነ ለእርሷ አልተለጠፈም። ማኅበራዊ ሚዲያ በዚህ ረገድ ሕዝቡን አግዟል፤ በወላይትኛ ይጻፋል፣ በቪዲዮ ይነገራል፣ ማንበብ የማይችለውም ይሰማል። ከአምስት ኢትዮጵያውያን ኢንተርኔት የሚጠቀመው አንዱ ገደማ ነው ቢባልም፣ አንዱ የሰማው በገበያ ቀን ለብዙዎች ይደርሳል።

የዚያኑ ያህል ክፍተት አለ። በ2014 ዓ.ም. ከፌስቡክ የወጡ የውስጥ ሰነዶች ኩባንያው በኢትዮጵያ ጥላቻንና ሐሰትን የመለየት አቅሙ ደካማ መሆኑን አሳዩ። ኩባንያው በበኩሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በትግርኛ የሚጻፈውን እንከታተላለን አለ። ወላይትኛ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። በወላይትኛ የተለቀቀ አደገኛ ሐሰት ቢኖር በዚያ በኩል የሚያስቆመው ሰው አልነበረም ማለት ነው። በመንግሥት በኩል ያለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው፤ ሐሰተኛ መረጃን በእስራት ይቀጣል፤ የአሰራጩ ተከታዮች ከ5,000 ከበለጡ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ይደርሳል። በእኔ ግምት ሕጉ ቅደም ተከተሉን ስቶታል። እውነቱን በወቅቱ በሰነድ ያላወጣ መሥሪያ ቤት፣ የጎደለውን በግምት የሞላውን ዜጋ ለመክሰስ ጽኑ መሠረት የለውም። አስቀድሞ ሰነዱን ያውጣ፤ ከዚያ በኋላ ሆን ብሎ የዋሸው ይጠየቅ።

ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ወላይታ ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች። አርባ ምንጭና ዲላን ጨምሮ ሌሎች ከተሞችም የየድርሻቸውን ተቋማት አገኙ። ይህ ለሶዶ ነዋሪ ትርጉሙ ብዙ ነው። ሐዋሳ ድረስ ይወስድ የነበረው ጥያቄ ዛሬ በእግር ይደረሳል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች በጀት የሚያጸድቁት በዚያው ወር ነው። መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ጊዜው ይህ ነው።

ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ተብሎ ይጀመር፤ ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይጻፍ። የሚጠየቀው በስሙ ይጠራ፤ የጸደቀው የዓመቱ በጀት በየዘርፉ፣ ከክልል የተመደበው ጥቅል በጀት፣ በወረዳው ይሰበሰባል ተብሎ የተገመተው ገቢ፣ ለማዳበሪያ ዕዳ የሚቆረጠው ገንዘብ፣ ባለፈው ዓመት ለደመወዝ በየወሩ የወጣው። «አጠቃላይ መረጃ» ብሎ የጠየቀ አጠቃላይ ንግግር ይሰጠዋል። ብቻን ከመሄድ ሦስትና አራት ሆኖ መሄድ ይሻላል፤ መምህር፣ ነጋዴ፣ ገበሬ፣ የዕድር ሰብሳቢ። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንደኛው መዝገብ ቤት ገቢ ሲሆን ሁለተኛው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም እንዲያርፍ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፣ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ሲቀርብለት በቅድሚያ የሚጠይቀው ያንን ቅጂ ነው።